የቀዘቀዘ የፍራፍሬ ጣፋጭ ቤት ውስጥ፦ ለአዳማ ሙቀት የትኛው አሰራር ያዋጣችኋል?

መጋቢት ከገባ አዳማ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ለአዳማ ሰው አልነግርም፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በመስኮት የሚገባው ንፋስም አቧራና ሙቀት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ፍሪጅ ነው የሚከፍቱት። እኔ ፍራንኮ አካባቢ ተከራይቼ ስኖር አንድ በር ባላት ትንሽ ፍሪጅ ነው የጀመርኩት፣ አሁን ደግሞ ለብቻው የቆመ ፍሪዘር አለን፣ እና በሁለቱም ሰርቼ ስላየሁት ጎረቤቶቼ የሚጠይቁኝን ጥያቄ እዚህ በአንድ ላይ ልመልሰው ብዬ ነው። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ "ማንጎ ረክሷል፣ ምን ልስራበት?"

እኔ ግን ከፍራፍሬው አትጀምሩ ነው የምለው። ከፍሪጃችሁ ጀምሩ። አብዛኛው ሰው ሰርቶ የሚበላሽበት ፍራፍሬው መጥፎ ሆኖ ወይ እሱ ባለሙያ ሳይሆን ቀርቶ አይደለም፣ የመረጠው አሰራር ካለው ፍሪጅና ከሰፈሩ መብራት ጋር ስለማይሄድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለኪያዎቹን እንያቸው፣ አሰራሮቹን ከዛ በኋላ።

ከመምረጣችሁ በፊት የምታዩዋቸው ነገሮች

አንደኛ፣ የፍሪጃችሁ ኮከብ። የበረዶ ቤቷ በር ላይ ትንንሽ ኮከቦች ታትመው ታገኛላችሁ፣ ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። አንድ ኮከብ ማለት ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ድረስ ታቀዘቅዛለች ማለት ነው፣ ሁለት ከሆነ ከዜሮ በታች 12፣ ሶስት ከሆነ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ። ይሄ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ስኳር ያለበት ነገር እንደ ውሃ ዜሮ ላይ አይጠጥርም፣ ስኳሩ በጨመረ ቁጥር ለመጠጠር የሚፈልገው ቅዝቃዜም ይጨምራል። የኔዋ ትንሽ ፍሪጅ ባለ አንድ ኮከብ ነበረች፣ ጥሩ ስኳር ያለው የማንጎ ሶርቤ (ፍራፍሬ ከስኳር ውሃ ጋር ተፈጭቶ የሚቀዘቅዝ፣ ወተት የሌለው አይስክሬም ማለት ነው) ሰርቼ ሁለት ቀን ሙሉ አስቀምጬው ሳወጣው እንደ አጥሚት ነበር የሚፈሰው፣ እና ያኔ ጥፋቱ የማንጎው መስሎኝ ሌላ ማንጎ ገዝቼ ደገምኩት። ኮከቡን ባውቅ ኖሮ ሁለቱንም ኪሎ አላበላሽም ነበር።

ሁለተኛ መብራት። ሙሉ የሆነ ለብቻው የቆመ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ መብራት ጠፍቶ እስከ 48 ሰዓት ድረስ ቅዝቃዜውን ሊይዝ ይችላል፣ ግማሽ ብቻ ከሞላ ደግሞ ወደ 24 ሰዓት ነው፣ አንድ በር ባላት ፍሪጅ ውስጥ ያለችው የበረዶ ቤት ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ መላላት ትጀምራለች። ባዶ ቦታ ካለ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልታችሁ አስገቡበት፣ ግን ጢም አታድርጉት ምክንያቱም ውሃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ያብጣል፣ አራት ጣት ያህል አጉድሉለት። ሰፈራችሁ መብራት በየቀኑ የሚሄድ ከሆነ ቀልጦ እንደገና ቢጠጥር የማይበላሽ አሰራር ነው መምረጥ ያለባችሁ።

ሶስተኛ እቃ፣ ማለትም ብሌንደር አለ ወይስ የለም፣ ካለስ ምን ያህል ጉልበት አለው። አራተኛ ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ዋናው የሙቀት ወራት ላይ ነው የሚውለው፣ ለምሳሌ በ2018 ዓ.ም. ሁዳዴም ረመዳንም የካቲት ውስጥ ነው የገቡት፣ አዳማ ላይ ደግሞ አንድ ግቢ ውስጥ ጾሙን በ9 ሰዓት የሚፈታም ለማፍጠሪያ የሚያዘጋጅም አብሮ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ ወተት የሌለበት ነገር ብትሰሩ ለሁሉም ታቀርቡታላችሁ። አምስተኛው ወጪ ነው። የፍራፍሬ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ብር አልጽፍላችሁም፣ በኪሎና በማንኪያ ነው የምነግራችሁ፣ እናንተ በዕለቱ ዋጋ አባዙት።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉንም አሰራር ይመለከታል፦ በረዶ ጀርም አይገድልም። ያቀዘቅዘዋል እንጂ አይገድለውም፣ ሲቀልጥ ተመልሶ ይነሳል። ውሃ የሚገባበት ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፣ ፍራፍሬውንም ልጣጩ የሚጣል ቢሆንም ሳትቆርጡት እጠቡት፣ ምክንያቱም ቢላው ከውጪ ያለውን ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።

በኩባያ ውስጥ እንጨት ተክሎ ማቀዝቀዝ

ይሄ የሁሉም መጀመሪያ ነው። ጁስ ትሰራላችሁ፣ ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ (የእርጎ ኩባያ ታጥቦ ይሆናል) ውስጥ ትቀዳላችሁ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነውና ወፈር ሲል እንጨቱን ትተክላላችሁ፣ ከዛ ማደር ነው። የቡና ስኒ አትጠቀሙ፣ ስታወጡት ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ መንከር ስላለባችሁ ሊሰነጠቅ ይችላል። የፕላስቲኩን 10 ሰከንድ ያህል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያዝ አድርጋችሁ ዘወር ስታደርጉት እሺ ብሎ ይወጣል።

ጥሩነቱ በባለ አንድ ኮከብ ፍሪጅም ይሰራል፣ ስኳሩን ካላበዛችሁበት። ለአንድ ሊትር ጁስ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ ምናልባት ለብርቱካን 4። ስትቀምሱት ግን ከምትወዱት ትንሽ ጣፈጥ ይበል፣ ምክንያቱም ምላስ ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጣፋጭነት በደንብ አይሰማውም፣ ሞቅ ብሎ ልክ የነበረው ሲቀዘቅዝ ጣዕም አልባ ይሆናል።

እኔ በጣም የምወደው ስፕሪሱን ነው። ያው ጁስ ቤት የምንጠጣው ስፕሪስ፣ ከታች አቮካዶ፣ መሃል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ፣ ግን እዚህ አንዱን ንብርብር ቀድታችሁ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ አቆይታችሁ ነው ሌላውን የምትጨምሩት፣ አለዚያ ይቀላቀላል። ታች አቮካዶው ላይ ትንሽ ቪምቶ ጠብ ብታደርጉበት ሲወጣ ቀይ መስመር ይሰራል፣ የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ያንን መስመር ነው የምትልሰው፣ ቀዩ ካለቀ በኋላ ነው ሌላውን የምትነክሰው።

ጉድለቱ ምንድነው፣ ይጠጥራል። ጥርሱ ለሚያመው ሰው፣ ለሽማግሌ፣ አይሆንም። ቀልጦ እንደገና ሲጠጥር ደግሞ ስኳሩና ቀለሙ ወደ ታች ይወርድና ላዩ ባዶ በረዶ ይሆናል።

በሹካ የሚፋቅ በረዶ

ከሁሉም የተናቀው እሱ ነው፣ ለአዳማ ግን እኔ አንደኛ የማደርገው ይሄንን ነው። ጣልያኖች ግራኒታ ይሉታል። ጭማቂውን ዝርግ ትሪ ወይ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ እቃ ላይ ሁለት ጣት ከፍታ ሳይሞላ ትዘረጉታላችሁ፣ በየ30 እና 40 ደቂቃው አውጥታችሁ በሹካ ከዳር ወደ መሃል ትፍቁታላችሁ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ልክ እንደ ጥሬ ጨው ፍርክስክስ ያለ በረዶ ይሆናል፣ በብርጭቆ አድርጋችሁ በማንኪያ መብላት ነው።

ለዚህ የሚሆነው ሀብሀብ ነው። ሀብሀብ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ ለሶርቤ አይሆንም፣ ድንጋይ ነው የሚሆነው፣ ለሹካ ግን ልዩ ነው። በመቂና በዝዋይ መስመር ከመንገድ ዳር የተቆለለውን ገዝቶ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጡ፣ ትልቁን አንድ ብትገዙ ለቤተሰብም ለጎረቤትም ይተርፋል። ፍሬው ከወጣ በኋላ ለአንድ ኪሎ ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂና ቁንጥር ጨው። ብሌንደር ከሌለ በእጅ ጨፍልቃችሁ በወንፊት ማጥለል ነው፣ ሀብሀብ እሺ ይላል። ጨዋን አትዝለሏት፣ ጣፋጩን ታወጣዋለች።

ለምን አንደኛ አልኩት፣ መብራት ቢጠፋም አይበላሽም። ግማሽ መንገድ ላይ ቢሄድ ፈሳሹ ገና ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ይጠብቃችኋል፣ ሲመጣ ትቀጥላላችሁ። ረስታችሁት አድሮ ድንጋይ ቢሆንም 10 ደቂቃ ውጪ አቆይታችሁ መፋቅ ነው። በትንሿም ፍሪጅ ይሰራል፣ ዝርግ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ብቻ ትሪው የበረዶ ቤቷ ውስጥ መግባቱን አስቀድማችሁ ለኩ፣ እኔ ሞልቼ ይዤ ሄጄ አልገባ ብሎኝ ያውቃል። የሚያደክመው በየ30 ደቂቃው መነሳቱ ነው፣ ስራ ላይ ለሚውል ሰው ቅዳሜና እሁድ ካልሆነ አይመችም።

የሙዝ አይስክሬም

ሙዝ ብቻ። ስኳር የለ፣ ወተት የለ፣ ምንም የለ፣ ቀዝቅዞ ሲፈጭ ግን ወተት የገባበት ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም ሙዝ ውስጥ ያለው ፔክቲን (ማርማላታን የሚያወፍረው ነገር) ውሃውን ይዞ በረዶው በትልቁ እንዳይጋገር ያደርገዋል። ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የጀመረውን ሙዝ ግዙ፣ ሻጮቹ ያንን ቀንሰው ነው የሚሰጡት፣ ለዚህ ስራ ደግሞ የተሻለው እሱ ነው ምክንያቱም ስታርቹ ወደ ስኳር ተቀይሯል። አረንጓዴ የሚያደላውን ከተጠቀማችሁ አፍ የሚያደርቅ ነገር ነው የሚወጣው።

ሳትልጡት ፍሪዘር አታስገቡት። ልጣጩ ይጠቁርና ይጣበቅበታል፣ ከዛ በቢላ እየፋቁ ጣት መቁረጥ ነው። ልጣችሁ፣ ጣት ስፋት ቆራርጣችሁ፣ እንዳይነካካ ሳህን ላይ ደርድራችሁ አስገቡት፣ አድሮ ሲጠጥር ወደ ብሌንደር።

እዚህ ጋ ብሌንደራችሁን አስቡለት። እኔ ከፍሪዘር እንደወጣ ስድስት ሙዝ በአንድ ጊዜ ከትቼ ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት፣ ምላጩ ዞር ዞር አለና ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ በቃ ሞተሩ ሄደ። ጁስ ለመፍጨት የተሰራ ብሌንደር ደረቅ በረዶ አይወድም። አሁን 5 ደቂቃ ውጪ አቆየዋለሁ፣ ሁለት ሁለት ሙዝ ብቻ ነው የማስገባው፣ ጫን ለቀቅ ጫን ለቀቅ እያደረግኩ፣ ካስቸገረ አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ ወይ የኦቾሎኒ ቅቤ እጨምራለሁ። የኦቾሎኒ ቅቤ ያለበትን ሞክሩት፣ በጾም እራት ሆኖ ሊያልፍ ይችላል።

ሙዙን ተቆርጦ በላስቲክ እንደጠጠረ አስቀምጡት፣ የተፈጨው ግን በዛው ሰዓት ቢበላ ነው ጥሩ፣ ካሳደራችሁት ይጠጥራል፣ ቀለሙም ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ትንሽ ይዘገያል።

ሶርቤ

እንግዳ ሲመጣ የሚቀርበው ይሄ ነው፣ ግን ባለ ሶስት ኮከብ ፍሪዘር ከሌላችሁ በከንቱ አትድከሙ። የማንጎ እንዲህ ነው፦ ለ1 ኪሎ የተላጠና ፍሬው የወጣ ማንጎ፣ 150 ግራም ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ እስኪሟሟ አፍልታችሁ በደንብ ታቀዘቅዙታላችሁ፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ ከማንጎው ጋር ትፈጩታላችሁ። ማንጎው ክር ያለው አይነት ከሆነ በወንፊት አሳልፉት፣ ቀዝቅዞ ክሩ ጥርስ መሃል ሲገባ ደስ አይልም። 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ዳር ዳሩ ሲጠጥር አውጥታችሁ እንደገና ፈጭታችሁ መመለስ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ አንዴ። ሁለተኛውን መፍጨት ሰነፍ ሆናችሁ እንዳትዘሉት፣ በረዶው በትልልቁ እንዳይሰራ የሚያደርገው እሱ ነው።

የስኳሩ ነገር እዚህ ላይ ከጣዕም በላይ ነው። ካነሰ ድንጋይ፣ ከበዛ ሾርባ። ልኩን ሲያገኝ ያለሰልሰዋል፣ ሲበዛ ግን እንዳይጠጥር ያደርገዋል። እኛ ደግሞ ለስኳር ጎረቤት ነን፣ ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ሲመረትበት የኖረ ነው፣ ግን ሱቅ ላይ ስኳር በሚጠፋበት ሳምንት ሶርቤ ከመስራት ሙዝ ብትሰሩ ይሻላችኋል። ለብርቱካን፣ ለአናናስ፣ ለቀጫጭን ጭማቂ ልኩን የምታውቁበት የድሮ ዘዴ አለ፦ ከጭማቂው በብርጭቆ ቀድታችሁ በደንብ የታጠበ ትኩስ ጥሬ እንቁላል ከነቅርፊቱ ትለቁበታላችሁ፣ ከሰመጠ ስኳር ያንሳል፣ ተንሳፍፎ የ25 ሳንቲም ስፋት ያህል ብቻ ከላይ ከታየ ልክ ነው፣ ከዛ በላይ ወጥቶ ከታየ ውሃ ወይ ሎሚ ጨምሩ። የሞከራችሁበትን ብርጭቆ ወደ ዋናው አትመልሱት። በሁዳዴ ይሄንን ማድረግ ስለማይሆን ከጾሙ በፊት አንዴ ሞክራችሁ የስኳሩን ግራም ጽፋችሁ ያዙት። ለማንጎ ግን አይሰራም፣ ወፍራም ነገር ላይ እንቁላል ሁሌም ይንሳፈፋል።

በጾም ወራት የሶርቤዎቹ ሁሉ ቁንጮ አቮካዶ ነው፣ በተፈጥሮው ቅባት ስላለው ቅቤ የገባበት ነው የሚመስለው። ሁለት ትልልቅ አቮካዶ፣ 100 ግራም ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ አንድ ሎሚ። ፓፓያ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ብቻውን ጥሩ ነው፣ ከወተት ጋር ከተቀላቀለና ከቆየ ግን ይመራል፣ ፓፓይን የሚባለው ኢንዛይም የወተቱን ፕሮቲን ስለሚሰባብረው ነው፣ አናናስም እንደዛው ያደርጋል። ወተት ካማራችሁ ከማንጎ ወይ ከእንጆሪ ጋር አድርጉት።

ፍሪጅ ለሌለው ሰው፦ በረዶና ጨው

ይሄ ለተማሪ፣ ለተከራይ፣ ፍሪጁ ለተበላሸበት ነው። የተከሰከሰ በረዶ 3 እጅ፣ ጥሬ ጨው 1 እጅ። ጨው በረዶውን እያቀለጠ ቅዝቃዜውን ከዜሮ በጣም በታች ያወርደዋል፣ በትክክለኛው ልክ እስከ 21 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ይሄዳል፣ ማለትም ከፍሪዘር ጋር ይወዳደራል። ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው ርካሽ ስለሆነ ወጪው በረዶው ላይ ነው፣ ፍሪዘር ካለው ጎረቤት ጠርሙስ ውሃ አሳድራችሁ መሰባበር ትችላላችሁ። ሳፋ ውስጥ በረዶውንና ጨውን አድርጋችሁ ጁሱ ያለበትን ትንሽ ብረት ድስት መሃሉ ላይ አስቀምጡና ድስቱን እያዞራችሁ ከዳሩ የጠጠረውን በማንኪያ ወደ ውስጥ ማስገባት። ብረት ይሁን፣ ፕላስቲክ ቅዝቃዜውን አያሳልፍም። ለሁለት ብርጭቆ ጁስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። በባዶ እጃችሁ ያንን በረዶ አትንኩ፣ ልጆችም እንዳይነኩ፣ ቆዳ ያቃጥላል።

ሁሉም በአንድ ላይ

| አሰራር | የሚፈልገው ቅዝቃዜ | ብሌንደር | ጊዜ | መብራት ቢጠፋ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| በእንጨት | 1 ኮከብ ይበቃል | ካለ ጥሩ | ማደር አለበት | ቅርጹ ይበላሻል | ዝቅተኛ |
| በሹካ የሚፋቅ | 1 ኮከብ ይበቃል | አያስፈልግም | ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ እየተነሱ | ገና ቀዝቃዛ ከሆነ ይቀጥላል | ዝቅተኛ |
| ሙዝ | 2 ኮከብና ከዛ በላይ | ግዴታ፣ ጉልበት ያለው | ማደር፣ ከዛ 10 ደቂቃ | ከቀለጠ ለጁስ ብቻ | ዝቅተኛ፣ ስኳር አይጨመርበትም |
| ሶርቤ | 3 ኮከብ | ግዴታ | ወደ 8 ሰዓት | ይሻክራል፣ እንደገና መፍጨት | ከፍ ያለ |
| በረዶና ጨው | ፍሪጅ አይፈልግም | አያስፈልግም | 30 ደቂቃ | አይመለከተውም | በበረዶው ዋጋ |

ከላይ ያሉት ሁሉም ያለ ወተት ስለሚሰሩ ለጾም ይሆናሉ። በኤሌክትሪክ የሚሰራውን የአይስክሬም ማሽን አላስገባሁትም፣ ለቤት ፍጆታ ብሎ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፣ ያንን ብር ጥሩ ብሌንደር ላይ አውሉት።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ቤታችሁ አንድ በር ፍሪጅ ብቻ ካለና ልጆች ካሉ፣ ከሰኞ እስከ አርብ በእንጨት፣ ማታ ሰርታችሁ አሳድሩት፣ ቅዳሜ ደግሞ ሀብሀቡን በሹካ፣ ልጆቹም መፋቁን ይወዱታል። መብራት በየቀኑ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ በሹካው ላይ ጽኑ።

ለማፍጠሪያ ወይ ጾም ሲፈታ የምታቀርቡ ከሆነ አቮካዶ ሶርቤ፣ ባለ ሶስት ኮከቡ ፍሪዘር ከሌለ ሙዝ በኦቾሎኒ። ሆድ ባዶ ሆኖ በጣም ቀዝቃዛ ነገር ቶሎ ቶሎ መብላት ግንባር ያማል፣ መጀመሪያ ቴምርም ሾርባም ይቅደም። ስኳር ላለባቸው ወላጆች ሲሆን ሙዙም ሀብሀቡም የራሱ ስኳር ስላለው "ስኳር አልጨመርኩበትም" ብላችሁ ሳህን ሙሉ አትስጧቸው፣ በስኒ ለክታችሁ ስጡ።

ድግስ ካለባችሁና 20 ሰው የሚመጣ ከሆነ ሶርቤውን ከሶስት ቀን በፊት ስሩት፣ ክዳን ባለው እቃ አድርጋችሁ ላዩን በላስቲክ ሸፍኑት፣ ምክንያቱም ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው የስጋና የአሳ ሽታ በአንድ ሌሊት ይገባበታል። ከማቅረባችሁ 10 ደቂቃ በፊት አውጡት፣ በአዳማ ሙቀት 5 ደቂቃም ይበቃዋል። ወተት ያለበት ከሆነና ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጪ የቆየውን ወደ ፍሪዘር አትመልሱት፣ ድፉት። የፍራፍሬ ብቻ ከሆነና ገና ቀዝቃዛ እያለ ከደረሳችሁበት ፈጭታችሁ መመለስ ይቻላል፣ ወይ ደግሞ ለቀሩት ሰዎች በብርጭቆ ጁስ አድርጋችሁ ስጧቸው።